በየሰዓቱ የሚጠፋው ሰርቨር፦ ደሴ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ የሰርቨር ላይሰንስ እንዴት ገዛ

ሐምሌ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ደሴ ጉም በጉም ሆናለች። ጦሳ አይታይም። ቢሯችን ውስጥ ግን በመስኮት የሚያይ ሰው የለም። ሐምሌ የሂሳብ ባለሙያን እንዴት እንደሚያደርገው የሠራበት ያውቀዋል። የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሚያሳውቁበት ወር ነበርና ደንበኛ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ላይ ተሰልፏል። ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቨሩ፣ የሁላችንም ሥራ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ጠፋ።

መብራት ሄደ ብለን ቀና አልን። አምፖሉ በርቷል። ሰርቨሩን አበራሁት፣ ሥራ ቀጠለ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ጠፋ። በማግሥቱም እንዲሁ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራማችን ላይ የተከፈተ ሥራ በመሃል እየተቋረጠ፣ ደንበኛ እየተቆጣ፣ እኛ ኬብል ስንነካካ ዋልን።

ይህን የምጽፈው እኛ በዚያ ሳምንት ያየነውን ሌላ ቢሮ እንዳያይ ብዬ ነው። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን ፒያሳ አካባቢ ያለ የሂሳብና የግብር አማካሪ ቢሮ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ አለን። በሁለቱም 14 ሰዎች ነን። ኮምፒውተር ስለምወድ የኔትወርኩ ጉዳይ ቀስ በቀስ እኔ ላይ መጣ። ላይሰንስ የሚባለውን ነገር፣ የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃዱን፣ ግን እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲቋረጥ የሚደግፈው ባትሪ፣ ነው። ሐሙስ ዕለት አዲስ ተገዛ። ሰርቨሩ ግን አሁንም ጠፋ። ሞቆት ይሆናል ብለን ከፍተን አቧራውን አራገፍን። ራሙን ነቅለን አጽድተን መለስን። ለውጥ የለም። ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ሰርቨሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሞኒተር ሳይኖረው ነበር የሚሠራው፤ ከገባ ወዲህ ማንም ስክሪኑን አይቶት አያውቅም። የራሴን ሞኒተር ነቅዬ ሰካሁበት። ከታች በቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለች። የፈቃዱ ጊዜ አልቋል ትላለች። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ስከፍት ደግሞ ነገሩ በግልጽ ተጽፏል፤ የዚህ ዊንዶውስ የፈቃድ ጊዜ አብቅቷል፣ ሲስተሙ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል ይላል።

ደረሰኙን ከፋይል አወጣሁ። ሰርቨሩ የተተከለው ጥር 5 ቀን 2015 ነው። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነበር። ከጥር 5 እስከ ሐምሌ 5 ልክ 180 ቀን። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን ለሙከራ በነፃ የሚሰጠው ለ180 ቀን ነው። ኢቫሉዌሽን ይሉታል። ቀኑ ሲሞላ ፋይል አይሰርዝም፣ አይቆልፍም። በየሰዓቱ ይጠፋል፣ በቃ። በፈቃዱ ውል ላይም ለመሞከሪያ እንጂ ቢሮ ውስጥ ሥራ ለማሠራት እንዳልሆነ ተጽፏል።

ሰርቨሩን የሸጠልን ሱቅ ደረሰኝ ላይ የጻፈው «ሰርቨር ከነሶፍትዌሩ» ብሎ ነው። ኤዲሽኑ፣ የዊንዶውሱ ዓይነት፣ የለም፣ ዓመተ ምሕረቱ የለም፣ የተጠቃሚ ብዛት የለም። እኛም አልጠየቅንም። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝና እናንተ ቢሮ ያለውን ደረሰኝ አውጥታችሁ እዩት። «ከነሶፍትዌሩ» ከሆነ ያለው ነገ ጠዋት ሞኒተር ሰክታችሁ የስክሪኑን ጥግ አንብቡ።

አዲስ ሰርቨር ለምን እንደገዛን ልንገራችሁ፤ ከላይሰንስ ጋር ይገናኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ብዙ ቢሮ ንብረቱን አጥቷል። የእኛም አሮጌ ሰርቨር በዚያ ጊዜ ተወሰደ። ያ ሰርቨር ሕጋዊ ዊንዶውስ ነበረው። ግን ኦኢኤም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሸጥ፣ ተለጣፊው ሰርቨሩ ገላ ላይ ያለ። ኦኢኤም ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ አይዛወርም። ሰርቨሩ ሲሄድ ፈቃዱም አብሮ ሄደ። ለብቻው በቢሮው ስም የሚገዛ ፈቃድ ግን ማሽኑ ቢጠፋም ሰነዱ እስካለ ድረስ የእናንተ ነው፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወራል። ኦኢኤም ረከስ ይላል። እንደ እኛ አንዴ ያጣ ሰው ግን ልዩነቱን ለመክፈል አያመነታም።

ለጊዜው የሙከራውን ቀን ማደስ ይቻላል። ባለሙያዎች ሪአርም ይሉታል። የሚፈቀደው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፣ ላይሰንስም አይሆንም። ያንን ቅዳሜ ጠዋት አድርጌ ሰርቨሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐምሌን በዚያ አለፍን። እኔም ተረጋግቼ የማጠናበት ጊዜ አገኘሁ።

ያኔ አንድ ቴክኒሻን መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። «አብሽሪ፣ አክቲቬተር አለኝ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ስለዚህ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አክቲቬተር ያልተገዛውን ዊንዶውስ የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። አብዛኞቹ የትልልቅ ድርጅቶችን የፈቃድ ማደሻ ሰርቨር አስመስለው ነው የሚሠሩት፤ ኬኤምኤስ ይባላል። እውነተኛው ኬኤምኤስ ራሱ በየ180 ቀኑ መታደስ ያለበት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ መሥራት አለበት። እሱን ለመጫን ደግሞ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል። የደንበኞቻችሁ ቲን ቁጥር፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የባንክ ስቴትመንት ያለበት ማሽን ላይ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን እንዲኖር ትፈቅዳላችሁ ማለት ነው። እኔ እንኳን ለሰርቨር ለልጆቼ ላፕቶፕ አላደርገውም።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቢሮው ባለቤት ሐሳቡን ሲሰሙ ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ እኛ የሰው ደብተር የምናርም ሰዎች ነን» አሉኝ። «የራሳችን እንዲህ ሆኖ እንዴት የሰው እናያለን? ስንት እንደሆነ ጠይቂና ንገሪኝ።» ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል።

እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የተጻፉ አይመስሉም። አንዱ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ይላል፣ ካል ከሚባል አምስት የመጠቀሚያ ፈቃድ ጋር። ሁለተኛው ዳታሴንተር ይላል፤ ዋጋው የመጀመሪያውን አምስት ስድስት እጥፍ ነው። ሦስተኛው «ዕድሜ ልክ የሚሠራ ኪይ፣ ለፈለጋችሁት ሰው» ይላል፣ ሶፍትዌሩን የሚከፍተው ኮድ ማለት ነው፤ የሁለት ሰው ምሳ በማይሞላ ዋጋ። ጋሼ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «የቱ ነው ትክክሉ?» አላወቅኩም። ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ቆየሁ።

የገባኝን በእኛው አገር ነገር ላስረዳ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን ሚኒባስ አስቡት። ባለቤቱ መኪናውን መንገድ ላይ ለማውጣት የሚከፍለው አለ፣ ሊብሬውና ቦሎው። ይህን ከፈለ ማለት ግን ተሳፋሪው በነፃ ይሄዳል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሂሳቡን ይከፍላል። የሰርቨር ላይሰንስም ሁለት ክፍያ ነው። አንዱ ለሰርቨሩ ራሱ ነው፤ የሚለካው በፕሮሰሰሩ፣ በኮምፒውተሩ አንጎል፣ ውስጥ ባሉት ኮር የሚባሉ የሥራ ክፍሎች ብዛት ነው። ሌላው ሰርቨሩን ለሚጠቀሙት ነው፤ ካል የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ቢሮ የመጀመሪያውን ገዝቶ ሁለተኛውን መኖሩንም አያውቅም። ሰርቨሩም አይጠይቅም። ካል የሚቆጥር፣ የሚከለክል ነገር ተራው ፋይል መጋሪያ ላይ የለም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይሠራልኮ» ማለት ፈቃድ አለን ማለት አይደለም።

ከኮሩ እንጀምር። ከ2016ቱ ስሪት ወዲህ (የስሪቶቹ ዓመት በፈረንጆቹ ነው) ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድም ዳታሴንተርም በኮር ነው የሚሸጡት። ሁለት ዝቅተኛ ወለሎች አሉ። ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8 ኮር፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር መግዛት ግድ ነው። የእኛ ሰርቨር አንድ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ነው ያለው። ቢሆንም የምንከፍለው ለ16 ነው። ባለ 4 ቢሆንም ለ16 ነበር የምንከፍለው። ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ቢሄድም ቦሎው አይቀንስም።

ከ16 በላይ ላለው ደግሞ የሁለት የሁለት ኮር ጥቅል ይጨመራል። እዚህ ጋ የሚፈጠር ስህተት አለ። ታስክ ማናጀር ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ ኮርና ሎጂካል ፕሮሰሰር። የሚቆጠረው ኮሩ ነው። ሎጂካሉ ብዙውን ጊዜ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ ሁለት ባለ 10 ኮር ፕሮሰሰር ላለው ሰርቨር የ40 ኮር ፕሮፎርማ ተሰጥቷት ነበር። ትክክለኛው 20 ነው። ባታየው ኖሮ ድርጅቱ በከንቱ እጥፍ ይከፍል ነበር።

ስታንዳርድና ዳታሴንተር ለአንድ ትንሽ ቢሮ ዋናው ልዩነታቸው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ማለት ነው። ስታንዳርድ አንዴ ሁሉም ኮር ከተሸፈነ ሁለት ቨርቹዋል ዊንዶውስ ሰርቨር ያስኬዳል፤ ዋናው ማሽን እነሱን ከመሸከም ሌላ ሥራ እስካልተሰጠው ድረስ። ዳታሴንተር ገደብ የለውም። የ2022ቱ ስታንዳርድ ማይክሮሶፍት ያወጣው ዋጋ ለ16 ኮር 1,069 ዶላር ነበር፤ ዳታሴንተር 6,155 ዶላር። ለ14 ሰው ቢሮ ዳታሴንተር የሚጽፍ ሻጭ ወይ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ አልጠየቀም፣ ወይ እናንተ አልጠየቃችሁትም። ሦስትና አራት ቨርቹዋል ማሽን ቢያስፈልግ እንኳ ስታንዳርዱን በዚያው ሰርቨር ላይ ደግሞ መግዛት ይቻላል፤ ሁለት ይጨምራል።

ሦስተኛውን፣ ርካሹን ኪይ፣ ማንም እንዳይገዛው እለምናለሁ። እንዲህ ዓይነት ኪይ በአብዛኛው ለአንድ ትልቅ ድርጅት ወይም ለፕሮግራመሮች የተሰጠ ሆኖ ለብዙ ሰው የሚቸረቸር ነው። ኪይ ደግሞ ላይሰንስ አይደለም። ኪይ በር መክፈቻ ነው፤ ላይሰንስ የቤቱ ካርታ ነው። ማይክሮሶፍት ኪዩን የዘጋው ቀን የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም።

አሁን ወደ ካል ልግባ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ገንዘብ የሚተርፈውም እዚሁ ነው። ካል ሁለት ዓይነት ነው። በሰው ይገዛል፣ ወይም በመሣሪያ። በሚኒባሱ ምሳሌ፣ በተሳፋሪ ልቁጠር ወይስ በወንበር ነው ጥያቄው። በሰው ከሆነ ያ ሰው በዴስክቶፑም፣ በላፕቶፑም፣ በስልኩም ቢገባ አንድ ካል ይበቃዋል። በመሣሪያ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ላይ አሥር ሰው ቢፈራረቅ አንድ ካል ነው።

እኛ ወረቀት አውጥተን ቆጠርን። ሰው 14። መሣሪያ ስንቆጥር ግን 14 አልሆነም። ኦዲት የሚወጡት ልጆች ላፕቶፕ አላቸው፣ ቢሮ ሲመለሱ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣሉ። ጋሼ ቤታቸውም ኮምፒውተር አላቸው። ሲደመር 23 መጣ። በሰው መግዛት እንዳለብን ያን ቀን ታወቀ። የፋብሪካዋ ጓደኛዬ ጋ ግን ተቃራኒው ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለ፣ በሦስት ፈረቃ ዘጠኝ ሰው ይሠራበታል። በሰው ዘጠኝ፣ በመሣሪያ ሦስት። እሷ በመሣሪያ ገዛች። ለቢሮው ሠራተኞች በሰው፣ ለመጋዘኑ በመሣሪያ አድርጎ መቀላቀልም ይቻላል።

ሠራተኛ ሲለቅ ካሉ አይቃጠልም። ለተተካው ሰው ይሰጣል። ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እያሉ ማዞር ግን አይፈቀድም፤ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቢያንስ 90 ቀን ሊቆይ ይገባል። ካል ዓመተ ምሕረትም አለው። የ2022 ካል የ2022ንና ከዚያ በፊት የወጡትን ሰርቨሮች ያስገባል፤ ለ2025 ሰርቨር አይሠራም። አዲሱ ካል ግን ለአሮጌው ሰርቨር ይሠራል። ሰርቨሩን ወደ አዲስ ስሪት ስታሳድጉ ካሉንም ደግማችሁ እንደምትገዙ በጀት ስትይዙ አስቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳነብ አስደነገጠኝ። ኮምፒውተሮቹ የአይፒ አድራሻ፣ ኔትወርክ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ የሚቀበሉት ከሰርቨሩ ከሆነ፣ ያ ራሱ ሰርቨሩን መጠቀም ነው፣ ካል ይፈልጋል። የእኛ ዋይፋይ ላይ የሚገባ የደንበኛ ስልክ ሁሉ አድራሻ የሚወስደው ከሰርቨሩ ነበር። ወዲያው ያንን ሥራ ከሰርቨሩ አንስቼ ለራውተሩ ሰጠሁት። ሚክሮቲክ ነው ያለን፣ አሥር ደቂቃ ፈጀ። የደንበኞችንም ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ ለየሁት። ይህ ለላይሰንስ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ይጠቅማል።

ቀጥሎ የመጣው የኮምቦልቻዎች ጉዳይ ነው። እነሱ አራት ናቸው። ሀረጎን ወርደው እዚያ ይሠራሉ፣ የሚሠሩት ግን ደሴ ባለው ፒችትሪ ላይ ነው፣ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ የሰርቨሩን ስክሪን ከርቀት ከፍተው። ዊንዶውስ ሰርቨር በሪሞት ሁለት ሰው ያስገባል፤ ያ ግን ሰርቨሩን ለሚያስተዳድር ሰው የተፈቀደ እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። ለሥራ ከሆነ የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎትን መጫን ያስፈልጋል። ሲጫን 120 ቀን ያለ ፈቃድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሰው አላስገባም ይላል። አያችሁ፣ እንደገና ያው ታሪክ ነው። አራት ወር ጥሩ ሠርቶ አንድ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ሰው ሁሉ ውጭ ይቀራል።

የሪሞት ዴስክቶፕ ካል ለብቻው ነው፣ ከተራው ካል ላይ የሚደረብ። ተራውን አይተካም። አንድ የኮምቦልቻ ሠራተኛ ሁለቱም ያስፈልገዋል። ዋጋውም ከተራው ይወደዳል። ስለዚህ ለ14ቱም ሳይሆን ለአራቱ ብቻ ገዛን። ኦፊስም የራሱ ጣጣ አለው። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ኦፊስ በሪሞት ሰርቨር ላይ ለብዙ ሰው እንዲሠራ አልተፈቀደም፤ ሌላ ዓይነት ፈቃድ ይፈልጋል። እኛ ኮምቦልቻዎች ኦፊስን በየራሳቸው ኮምፒውተር እንዲሠሩ፣ ሪሞት ላይ ፒችትሪ ብቻ እንዲከፍቱ ወሰንን። ፒችትሪም ስንት ሰው በአንዴ ይገባል የሚል የራሱ ፈቃድ አለው፣ ከዊንዶውሱ ጋር አይደባለቅ። አደራ ሪሞት ዴስክቶፕን በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት። በሁለቱ ቢሮ መካከል ቪፒኤን፣ የተጠበቀ የግል መስመር፣ አድርጉ።

በመጨረሻ ያዘዝነው ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ለ16 ኮር፣ 15 የተጠቃሚ ካል፣ 5 የሪሞት ዴስክቶፕ የተጠቃሚ ካል፤ ከሁለቱም አንድ አንድ ትርፍ አድርገን። ፕሮፎርማው እንደገና ሲጠየቅ ይህን በጽሑፍ ሰጠናቸው። ዋጋዎቹ ያኔ ተቀራረቡ። ጋሼም ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማወዳደር ቻሉ።

ከመክፈላችን በፊት ሁለት ነገር አስጻፍን። ፈቃዱ በድርጅቱ ስም እንዲሆን፣ ኪዩና ሰነዱም በድርጅቱ ኢሜይል እንዲመጣ። በቴክኒሻን የግል ኢሜይል የተመዘገበ ላይሰንስ ቴክኒሻኑ ሥራ የቀየረ ቀን ፈላጊ ያጣል።

መጫኑ ራሱ ያልጠበቅኩት ችግር ነበረው። ዋናው ማሽን የሙከራ ኮፒ ቢሆንም ኪዩን ሰጥቼ ወደ ሙሉ ስሪት ተቀየረ። ውስጡ ያለው ቨርቹዋል ማሽን ግን ዶሜይን ኮንትሮለር ነው፤ የሁሉም ሰው ዩዘርና ፓስወርድ ያለው እሱ ላይ ነው። የሙከራ ኮፒ ዶሜይን ኮንትሮለር ከሆነ በቀጥታ ወደ ሙሉ ስሪት አይቀየርም። ብዙ ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። መንገዱ ሌላ ነው። በተገዛው ኮፒ ሁለተኛ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁ። እሱንም ዶሜይን ኮንትሮለር አደረግኩት። አምስቱን ዋና ኃላፊነቶች ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርኩ። ሁሉም ሰው መግባት እንደሚችል ካረጋገጥኩ በኋላ አሮጌውን ከኃላፊነቱ አንስቼ አጠፋሁት። በአንድ እሑድ አለቀ፤ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት። በባዶው ቦታ ፒችትሪና ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠሩበትን ሁለተኛ ማሽን ተከልኩ። ከመጀመሪያው ትክክለኛው ኮፒ ተጭኖ ቢሆን ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አምስት ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ ሆም ነበሩ። ሆም ዶሜይን ውስጥ፣ ሰርቨሩ በሚያስተዳድረው የቢሮ ኔትወርክ ውስጥ፣ አይገባም። ወደ ፕሮ ማሳደጊያ ለየብቻ ከፈልን። ላፕቶፕ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ አንብቡ።

ሰርቨር ገና ልትገዙ ከሆነ እኛ ያላወቅነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢሴንሻልስ የሚባል ኤዲሽን አለ። እስከ 25 ተጠቃሚና እስከ 50 መሣሪያ ድረስ ካል አያስፈልገውም። የ2022ቱ የሚገኘው ከአዲስ ሰርቨር ጋር፣ በሰርቨሩ አምራች በኩል ነው፤ አንድ ፕሮሰሰርና እስከ 10 ኮር ላለው ማሽን። ለእኛ ዘግይቷል፣ ሰርቨሩ ገብቶ ነበር። ሪሞት ዴስክቶፕ ለማይፈልግ የ10 ሰው ቢሮ ግን ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ያለ የጠበቆች ቢሮ ጠራኝ። ስድስት ናቸው። «እንደናንተ ሰርቨር አስገቢልን» አሉኝ። ምን ትሠሩበታላችሁ ስላቸው የወርድ ፋይል መጋራት ነው፣ አንድ ፕሪንተርም አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር ለዚህ አያስፈልግም። እስከ 20 መሣሪያ ድረስ ከዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፕሮ ላይ ፎልደር መጋራት ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። እኔ ግን የነበራቸውን አሮጌ ዴስክቶፕ ሁለት አዲስ ዲስክ ከትቼበት ዴቢያን የሚባለውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም ጫንኩ፣ ሳምባ አደረግኩበት። ሳምባ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንደ ዊንዶውስ ሰርቨር አድርገው የሚያዩት ነፃ ሶፍትዌር ነው። የሚያገለግላቸው ዊንዶውስ ሰርቨር ስላልሆነ ካል የሚባል ነገር የለም። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ዶሜይን ኮንትሮለርም መሆን ይችላል።

እኛ ለምን እሱን አላደረግንም? ፒችትሪ ነው ምክንያቱ። የሪሞት ሥራውና የፒችትሪ ዳታቤዙ ዊንዶውስ ይፈልጋሉ። ሊኑክስ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የምትሠሩበት ፕሮግራም ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ሲበላሽ የሚያየው ሰው መኖሩ። ጠበቆቹ ጋ እኔ አለሁ፤ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሰው በሌለበት ግን ነፃ ነው ብሎ መትከል እኔ አልመክርም።

ዳታቤዝ ካነሳሁ፣ ሸዋ በር ያለ አንድ ጅምላ ነጋዴ ደንበኛችን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ አንድ ቀን አልመዘግብም አለው። ፕሮግራሙ የቆመው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ ነበር። ነፃ ነው፣ ሕጋዊም ነው። ግን የ2019ና የ2022ቱ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ሞልቶ ነው። የቆዩ ዓመታትን መዝገብ ወደ ሌላ ዳታቤዝ አውጥተን ቦታ ከፈትንለት። ፕሮግራም የሚሠራላችሁን ሰው በምን ላይ እንደሠራው ቀድማችሁ ጠይቁት።

ዋጋው በዶላር የታሰረ መሆኑን ያየነው ደግሞ ቆይተን ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ሁለት ሠራተኛ ጨመርን። የነበረን ካል 15 ስለሆነ አንዱ ገባ፣ ለሌላው አንድ መግዛት ነበረብን። የሱቁ ልጅ የ2022 የለም፣ ያለው የ2025 ነው አለኝ። በፊት ቢሆን እደነግጥ ነበር። አዲስ ካል ለአሮጌ ሰርቨር እንደሚሠራ ስለማውቅ ገዛሁት። ዋጋው በብር ሲታይ ከበፊቱ በጣም ጨምሯል።

የእኛ 2022 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2031 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። 2016 ያላችሁ ጥር 2027 ላይ ያበቃል። 2012 አር2 ያላችሁ ደግሞ ጥቅምት 2023 ላይ አልቋል፤ እነሱ ይቅደሙ።

አሁን ጋሼ መሳቢያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ክላሰር አለ። ደረሰኙ፣ የፈቃዱ ሰነድ፣ የትኛው ካል ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ። ቅጂው ኮምቦልቻ ነው፣ ሌላ ቅጂ ኢሜይላችን ላይ። 16ኛዋን ልጅ ስሟን ከጻፍኩ በኋላ ለጋሼ አሳየኋቸው። በእስክሪብቶ ፈረሙበትና መልሰው ወደ መሳቢያው ከተቱት።